የሁለት መቶ ሠላሳ ሁለተኛው ሜትር ጌታ

ከሳቫ ወንዝ ወዲህም ወዲያም የምትኖሩ፣ ላም ያላችሁም ትራክተር ብቻ የቀራችሁም፣ ጆሮ የተሰጣችሁ ሁሉ ጆሯችሁን ወዲህ መልሱ። ሉድቪክ ሜዢክ፣ ከብረት ፋብሪካ በጡረታ የተሰናበተ፣ የአንዲት ድመት አሳዳሪና የሁለት ጥንድ የሱፍ ጓንት ባለቤት፣ በፕላኒትሳ የበረዶ መዝለያ ቁልቁለት ላይ ከሁለት መቶ ሠላሳ አንደኛው እስከ ሁለት መቶ ሠላሳ ሦስተኛው ያሉትን ሦስት ሜትሮች ያለ ተቀናቃኝ ሲገዛ እንደኖረ በዚህ ጽሑፍ ታውጇል። በግዛቱ ሽፍታ አልተነሳም። ጦርነት ቀርቶ ጠብ አልተሰማም። የዚህ ሁሉ ሰላም ምስጢር አንድ ነው፤ መዝገቡ እንደሚለው አንድም ሰው እግሩን አሳርፎበት አያውቅም።

እኛ ለኪዎች ነን። በራሪው ሁለት ረጃጅም ሸርተቴውን ተጫምቶ ከማማው ላይ ይንደረደራል፣ ከጠርዙ ይነሳል፣ አየሩን ተደግፎ ወደ ሸለቆው ይመጣል። ለኪው ከቁልቁለቱ ዳር በእንጨት ደረጃ ላይ፣ ቁጥር ከተጻፈበት ሰሌዳ አጠገብ ቆሞ ሦስት ሜትር በረዶ ያያል። እግር በረዶው ላይ ሲያርፍ የሜትሩ ባለቤት እጁን ያነሳና ቁጥሩን ይጠራል። ሥራው ይኸው ነው። ሕጉም አንድ ነው፦ ቀና አትበል። በራሪውን ያየ ለኪ እግሩን ያጣዋል። ስለዚህ በዓለም ላይ ለበረራ የኛን ያህል የቀረበ ሰው የለም፤ በረራ ሳያይ የሚሞትም ከኛ በቀር የለም።

ሉድቪክ ሥራውን የጀመረው ሰው ሁሉ ጓድ በሚባልበት ዘመን ነው፤ የጨረሰው ሰው ሁሉ አቶ በሚባልበት። ሁለቱም ዘመናት፣ በሌላ ነገር ሁሉ ሲጣሉ፣ ሉድቪክን መጨረሻው ሰሌዳ ላይ በማቆም ተስማሙ። ደንቡማ አዲስ ገብ ከታች ይጀምራል፣ ሌላ አዲስ ገብ ሲመጣ አንድ ሰሌዳ ወደ ላይ ይወጣል የሚል ነበር። በጓዶቹ ዘመን የአንድ ሊቀ መንበር የእህት ልጅ መጣና ቀጥ ብሎ ካሜራው በሚያሳየው ሜትር ላይ ተተከለ። በአቶዎቹ ዘመን የአንድ ነጋዴ አማች መጣ፤ ለእሱም ታች ያለው ንፋስ ለወገብ አይስማማም ተባለ። ለሉድቪክ ወገብ የተስማማው በምን ተአምር እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ኋላ ላይ ግን ጥፋቱ የሌላ ሰው ብቻ አልነበረም። የለኪዎች አለቃ ቪክቶር አንድ ዓመት አዝኖለት፦

«ና ወደ ላይ ውጣ እንጂ፣ ሰው ወዳለበት» ብሎት ነበር።

«አሁን ብሄድ ነገ ይመጣል» አለ ሉድቪክ።

«ማነው የሚመጣው?»

«የሚመጣው ነዋ።»

ኮረብታውም አሾፈበት። መዝለያው ባደገ ቁጥር የመጨረሻው ሰሌዳ ወደ ታች ይሸሻል፤ ሉድቪክም ብርቱካናማ ሰደርያውን ለብሶ ይከተለዋል። ሁለት ጊዜ፣ ትቶት በሄደው ሜትር ላይ፣ ትቶት በሄደ በዓመቱ ሰው አረፈ። እጁን ያነሳው ሌላ ነው።

አንድ ልማድ አለን። የውድድሩ ወቅት ባለቀ ማግስት፣ ሰኞ ቀትር ላይ፣ ለኪዎች ሁሉ ፓቭላ ምግብ ቤት እንገናኛለን። ቪክቶር ከመዝገቡ እያነበበ ማን ስንት ጊዜ እጁን እንዳነሳ ይናገራል፤ የተጠራው ሰው ብርጭቆ ይሞላለታል። ምንም ያላነሳ ብርጭቆው በአፉ ይደፋል፤ ያቺ የተደፋች ብርጭቆ ያለችው ደግሞ ዘወትር በአንድ ሰው ፊት ነው። ቪክቶር «ሜዢክ» ይላል። እኛ በአንድ ድምፅ «ባዶ» እንላለን። ሉድቪክም አብሮን ይስቃል፣ ቋሊማውን በኮምጣጣ ጎመን ይበላል፣ በደረቀ ጉሮሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል። መንደሩ ባዶ ሉድቪክ ሲለው ልጆች እውነተኛ ስሙ መስሏቸው «እንደምን አደሩ፣ አቶ ባዶ» ብለው በአክብሮት ሰላም ይሉታል።

ሚስቱ ሚልካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ታግሳዋለች። ስትሄድ ያለችውን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ምክንያቱም በር ላይ ቆማ ነው የተናገረችው። «ስገባ እግሬን ታያለህ፣ ስወጣ እግሬን ታያለህ። እስቲ ዓይኔ ምን ዓይነት ቀለም አለው?» አለችው። ሉድቪክ አሰበ። እያሰበ ሳለ አውቶቡሱ መጣ። ከዚያ ወዲህ ገንፎውን በእርጎ ብቻውን ይበላል፤ ድመቷም ስትገባ እግሯን ያያል።

ወደ ነገራችን። በኅዳር ለሁላችንም ደብዳቤ ደረሰን። ከዚህ ወቅት በኋላ ርቀት የሚለካው በካሜራ ብቻ ስለሆነ፣ ለረጅም አገልግሎታችሁ ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው፣ ሰደርያችሁን አጥባችሁ መልሱ ይላል። የሰው ልጅ ሃያ አራት ዓመት ቆሞ የሚቀበለው ስንብት እንግዲህ ይህ ነው፦ ሳሙናው ከራስህ። እኛ ተሳደብን፣ ጠጣን፣ ረሳነው። ሉድቪክ ደብዳቤውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ለእሱ የቀረው አንድ መጋቢት ነው፤ በዚያ መጋቢት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እጁን ካላነሳ ብርጭቆው ለዘላለም እንደተደፋች ትቀራለች።

ወቅቱም ተስፋ የሚሰጥ ሆነ። የእንጨት መሰንጠቂያ ቤቱ ባለቤት ልጅ ኡርባን፣ የኛው ልጅ፣ በዚያ ክረምት ክንፍ አበቀለ። ጥር ላይ ኖርዌይ ውስጥ ጉም ሁሉንም ሲያስቀር እሱ ጉሙን ሰንጥቆ ሦስተኛ ወጣ። ኦስትሪያ ላይ ንፋሱ ግማሹን ውድድር በላው፤ በቀረው ግማሽ ኡርባን ሁለተኛ ሆነ። ጀርመን ላይ ከሁሉም ርቆ በረረ። የዓመቱ የበረራ ዋንጫ ከአንድ ኖርዌያዊና ከኡርባን አንዱ ሊወስደው ለመጨረሻው ውድድር፣ ለኛው ኮረብታ፣ ቀረ። ፓቭላ ቤት ቴሌቪዥኑ ሥር ሰው ተፋፍጎ ይጮኻል፤ ሉድቪክ ጥግ ተቀምጦ የስክሪኑን የታች ጫፍ ብቻ ያያል። ልማድ ሆኖበት።

«ሉድቪክ፣ ልጁ እኮ ላይ ነው ያለው» ትለዋለች ፓቭላ።

«ይወርዳል» ይላል እሱ።

«ዘንድሮ መቼም ሳታነሳት አትቀርም። ኡርባን ሁለት መቶ ሠላሳን ያልፋል እያሉ ነው።»

«ክንድህን ከአሁኑ ዘይት ቀባት» ይላል አንዱ ከኋላ። «ሃያ አራት ዓመት ዝጋለች። ስታነሳት ድምፅ ካሰማች የመንደሩ ፈረሶች ይደነግጣሉ።»

«ጓንቴን ለውጫለሁ» ይላል ሉድቪክ። ይህንን እንደ መልስ ነው የሚናገረው።

የመጋቢት እሑድ መጣ። ሰው ከአገሩ ሁሉ፣ ከጣሊያንም ከኦስትሪያም፣ ባንዲራውን ተሸክሞ በጫካው መንገድ ይተማል። ውድድሩ ሊጀምር አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀረው ፈታሾቹ ይበራሉ። ፈታሽ ማለት ቡድን ውስጥ መግባት ያልቻለ፣ ግን መብረር ያልተወ ሰው ነው። እሱ አስቀድሞ ይበራል፤ ኮረብታው ሰው የሚሰብር መሆን አለመሆኑን በገዛ አጥንቱ ያረጋግጣል፤ ከዚያ ታዋቂዎቹ ይመጣሉ። የፈታሽ ርቀት አይጻፍም። ስለዚህ ፈታሾቹ ሲበሩ እኛ ለኪዎች ከዳሱ ጀርባ ሆነን ሻይ በአረቄ እንጠጣለን። ካሜራው የላስቲክ ልብሱን እንደለበሰ ነው። የድምፅ ማጉያው አኮርዲዮን ያጫውታል፣ በመሃሉ ቋሊማ የሚሸጥበትን ቦታ ይናገራል።

ደረጃው ላይ የቆመው ሉድቪክ ብቻ ነው። ሰውየው በረዶውን ያያል።

በዚያ ጠዋት ከሸለቆው ወደ ላይ የሚነፍስ ለስላሳ ንፋስ ነበር፤ በራሪን ከሆዱ ሥር የሚደግፍ ዓይነት። ሦስተኛው ፈታሽ ቦጎሚር የሚባል ሰው ነው፤ የቧንቧ ሠራተኛ፣ ሠላሳ አራት ዓመቱ፣ አሥራ አምስት ዓመት ፈታሽ ሆኖ የኖረ። በኋላ እንደነገረን፣ ከጠርዙ ሲነሳ አየሩ «አልለቅህም» ያለው መሰለው። ሰው የሌለባቸውን ሰሌዳዎች፣ የኔን የመቶ ሰባዎቹን ሰሌዳ ጨምሮ፣ አንድ በአንድ አለፋቸው። ሉድቪክ ቀና አላለም። ፉጨቱ ብቻ ሲቀርብ፣ ሲቀርብ ሰማ፣ ከዚያ ሁለት ሸርተቴ ጣ አለ። በሁለት መቶ ሠላሳ ሁለተኛው ሜትር ላይ።

እጁን አነሳ። ቁጥሩን ጠራ። አኮርዲዮኑ ቁጥሩን ዋጠው።

እዚያ ታች ቁልቁለቱ ሜዳ መሆን ይጀምራል፤ ሜዳ ላይ ከሰማይ የሚወርድ ሰው ክብደቱን ሁሉ በጉልበቱ ነው የሚቀበለው። ቦጎሚር ቀኝ ጉልበቱ ታጠፈበት፣ እንደምንም ተንሸራቶ ቆመ፣ ከዚያ በረዶው ላይ ተቀመጠ። ወደ ኋላ ዞር ቢል አንድ ሽማግሌ እጁን እንደ ባንዲራ ምሰሶ አቁሞ አየ።

«አቶ ሉድቪክ፣ አሁን ማውረድ ይችላሉ» አለው።

«ሁለት መቶ ሠላሳ ሁለት» አለ ሉድቪክ። እጁ አልወረደም።

«ስንት አሉ?»

«ሁለት መቶ ሠላሳ ሁለት። እግርህን አየሁት።»

ቦጎሚር ጉልበቱን ይዞ ሳቀ። «እንግዲህ አይጻፍልኝም እንጂ፣ ቢጻፍልኝ ለሚስቴ አሳያት ነበር። ከቧንቧ ሌላ አንድም ነገር አልሠራህም እያለች ነው።»

«እኔ አስጽፈዋለሁ» አለ ሉድቪክ።

እዚህ ላይ ነው ስህተቱ። የኮረብታው ሰው ፈጽሞ ሊሳሳተው የማይገባ ስህተት ነው። የፈታሽ ርቀት ለሽልማት አይጻፍም፤ ዳኞች ዘንድ ከደረሰ ግን አንድ ነገር ያደርጋል፦ አግዳሚውን ያወርዳል። አግዳሚ በራሪው ከመንደርደሩ በፊት የሚቀመጥበት እንጨት ነው። ፈታሹ ከልክ በላይ ከራቀ አግዳሚው ጥቂት ደረጃ ዝቅ ይላል፣ ሁሉም በቀነሰ ፍጥነት ይነሳሉ፣ ሁሉም ያጥራሉ፣ ታች ያለው ሜትር ቀኑን ሙሉ ሰው አያይም። ይህንን ለአዲስ ገቦች የሚያስተምረው ራሱ ሉድቪክ ነበር። ያን ዕለት ግን ደስታ ራሱ ላይ ወጣ። ያንን ሁሉ ደረጃ፣ የብረት ፋብሪካ አቧራ በጠጣ ሳንባው፣ እያለከለከ ወጣው። በኛ አጠገብ ሲያልፍ «ሻይ?» አልነው። እጁን አሳየን፤ ባዶ እጁን። ሳቅን።

ቪክቶር ከዳኞች ማማ ሥር ባለችው ጎጆ ውስጥ መዝገቡን ያሰምር ነበር። እኔ ስኳር ፍለጋ ገብቼ ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ።

«ጻፍ» አለ ሉድቪክ። «ቦጎሚር፣ ሁለት መቶ ሠላሳ ሁለት።»

ቪክቶር እርሳሱን አስቀመጠ። «ፈታሽ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። ጻፍ።»

«ሉድቪክ፣ አንተ በሬ። ይህ ሬዲዮ ከዳኞች ጋር ይነጋገራል። ያልከኝን ካልኳቸው አግዳሚውን ሦስት ደረጃ ያወርዱታል። ገብቶሃል?»

ሉድቪክ አፉን ከፈተ። ያኔ ገባው። ፊቱ ላይ ያለው ደስታ ሲጠፋ ማየት ጥሩ አልነበረም፤ እኔ ወደ ስኳሩ ዞርኩ።

ቪክቶር ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ። 'መሰለኝ' በለኝ። 'መሰለኝ' ካልከኝ እኔ ምንም አልሰማሁም። አግዳሚው ባለበት ይቆያል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ኡርባን እዚያው ድረስ ይመጣልሃል። ሕዝቡ እያየ፣ አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን እያየ እጅህን ታነሳለህ። ነገ ብርጭቆህን እኔ ራሴ እሞላልሃለሁ። አንዲት ቃል ናት።»

ሉድቪክ ጓንቱን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ።

«የቦጎሚር ጉልበት ታጥፏል» አለ።

«የቧንቧ ሠራተኛ ጉልበት ነው። ኡርባን ሌላ ነው።»

«ሜዳው ግን ያው ነው።»

«እንግዲህ መሰለህ?»

«አልመሰለኝም» አለ ሉድቪክ። «አየሁ።»

ቪክቶር ሬዲዮውን አነሳ። መዝገቡ ላይ ምንም አልጻፈም። ሉድቪክ ደረጃውን ወደ ታች ጀመረ። ግማሽ መንገድ ሳይደርስ አኮርዲዮኑ ተቋረጠና አግዳሚው ሦስት ደረጃ መውረዱ ተነገረ። ከሠላሳ ሺህ ጉሮሮ አንድ ረጅም ማጉረምረም ወጣ።

የቀረው አጭር ነው። ሁሉም አጠሩ። ኡርባን በመጨረሻው በረራ ሁለት መቶ ሃያ አንድ ላይ አረፈ፤ እጅ ያነሳው ከሉድቪክ አራት ሰሌዳ በላይ የቆመው ሰው ነው። ዋንጫው በአንድ ነጥብ እንኳ ባልሞላ ልዩነት ወደ ኖርዌይ ሄደ። ማንም እግሩን አልሰበረም። አለመሰበር ግን ዜና አይደለም፤ ላልተሰበረ እግር ፎቶ ማን ያነሳለታል። ፀሐይ ሳትጠልቅ መንደሩ ማን እንደተናገረ አወቀ። ከማን እንደሰማ አትጠይቁኝ። በጎጆዋ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበርን፤ ሉድቪክ እንደሆነ አያወራም፣ ቪክቶርም ለሹመቱ ሲል ዝም ይላል።

ሰኞ ቀትር ፓቭላ ቤት ተሰበሰብን። ቦጎሚር ጉልበቱ በጀሶ ታስሮ ሐኪም ቤት ተኝቷል። ሉድቪክ ሰደርያውን አጥቦ፣ ተኩሶ፣ እንደ ጠረጴዛ ልብስ አጣጥፎ መጣ። ሰላም አለ። ጎመኑን ማየት የጀመርነው ያኔ ነው፤ እንደዚያ ቀን በትኩረት የታየ ጎመን የለም። ቪክቶር ስም ጠራ፣ ብርጭቆ ተሞላ። «ሜዢክ» አለ።

«ባዶ» ያለ አልነበረም። በሃያ አራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አልን፤ ዝምታችን ግን ከባዶውም የባሰ ነበር።

«ሁለት መቶ ሠላሳ ሁለት» አለ ሉድቪክ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ደንቡ።

«ማን አየው?» አለ የኡርባን አጎት። «እኛ ያየነው ኖርዌይ የሄደውን ዋንጫ ነው።»

ሉድቪክ ቀና አለ። እኔ በበኩሌ ዓይኑን ያን ያህል ፊት ለፊት አይቼው አላውቅም ነበር። በጠረጴዛው ዙሪያ እያንዳንዳችንን ፊት ፊታችንን ተመለከተን። ማን እንደሆንን ለማወቅ የፈለገ ይመስል ነበር። ከዚያ ሰደርያውን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ብርጭቆዋ እንደተደፋች ቀረች። ከእጄ አንድ ክንድ ብቻ ትርቅ ነበር። እጄንም ሰደድኩ፤ ጨው አንስቼ ተመለስኩ።

አሁን ሰሌዳዎቹ ተነቅለዋል፤ የማገዶ እንጨት የሆኑም አሉ። ካሜራው ይለካል፣ አይበርደውም፣ ምሳም አይጠብቅም። ቦጎሚር መብረር ትቷል፤ በሉድቪክ ቤት በኩል ሲያልፍ መኪናውን ሳያቆም ጡሩምባ ይነፋለታል። ፓቭላ ቤት ሉድቪክን ያየው የለም። ጠዋት ጋጋሪው ዘንድ ዳቦ ይገዛል፣ ሁለት ቃል ይናገራል፤ አንዱ ዳቦ ነው፣ ሌላው ደህና ዋል።

በየመጋቢቱ ግን ይመጣል። ትኬት ቆርጦ፣ እንደ ማንም ሰው፣ ፈታሾቹ ከመጀመራቸው በፊት። ከአጥሩ ውጭ፣ ድሮ ሰሌዳው በቆመበት ትይዩ ይቆምና በረዶውን ያያል። ፈታሾቹ አንድ በአንድ እላይ ያርፋሉ። ማንም እዚያ አይደርስም። ሰው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶ ለቋሊማ ይሰለፋል፣ እኛ የቀድሞ ለኪዎችም መሃሉ አለን፤ የታወቀ ነገር ነው፣ እኛ ዘንድ ነውር የሚባለው ከሰልፍ መውጣት ነው።

እንግዲህ አንተ አንባቢ፣ እኛን አታውቅም፣ የኡርባንም ዘመድ አይደለህም፣ ሰልፉም አያስቸኩልህም። አንድ መጋቢት ጠዋት መንገድህ ወደዚያ ቢጥልህ፣ አኮርዲዮኑ እየተጫወተ ሳለ ወደ መጨረሻው ሜትር ውረድና፣ እባክህ፣ ያ ሰውዬ ድንገት እጁን ያነሳ እንደሆነ፣ ቢያንስ አንተ «አየሁ» በል።